«አንድ ቀን ሄጄ አልቅሼ ተመለስኩ፤ ሕክምናው ይህ ነው?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፣ በአጭሩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ነው፤ ባለትዳር ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በድንገት ልቤ መምታት ይጀምራል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ አሁንስ ሞትኩ እላለሁ። ሁለት ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ገብቻለሁ። ልቤም፣ ደሜም፣ ታይሮይዴም ታይቶ ‹ምንም የለብሽም› ተባልኩ። አሁን አሳንሰር አልገባም። ሰው የበዛበት አውቶቡስ አልሳፈርም። ያለ እህቴ ከቤት አልወጣም። እሷው ገፋፍታኝ ወደ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ሄድኩ። ስለ ልጅነቴ፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ትዳሬ ጠየቀችኝ። አለቀስኩ። ከዚያ ሰዓቱ አልቋል አለችኝ። አንድም ምክር ሳትሰጠኝ ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ደግሞ አንዱ ሲቢቲ ይላል፣ ሌላው ሳይኮአናሊሲስ፣ ሌላው ኢኤምዲአር። ግራ ገባኝ። የትኛውን ልምረጥ? መድኃኒት ያስፈልገኛል? የምናገረው ነገር ሰው ጆሮ ይደርስ ይሆን? ለባለቤቴስ ልንገረው? እስካሁን አያውቅም። እባክዎ ይምከሩኝ።»

እህቴ፣

መጀመሪያ ስለዚያች አንድ ቀጠሮ እናውራ።

ቅር ብሎሽ መውጣትሽ ይገባኛል። በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ያን ሁሉ ድፍረት ሰብስቦ፣ የሆዱን ዘርግፎ፣ ባዶ እጁን ሲመለስ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። ግን የመጀመሪያው ቀጠሮ ገና ሕክምናው አይደለም። የዚያን ቀን የአማካሪዋ ሥራ አንቺን ማወቅ ነበር። መቼ ጀመረሽ? ከዚያ በፊት ምን ተፈጠረ? ከቤተሰብ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው አለ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ይህን ሁሉ ሳታውቅ በደረቁ «እንዲህ አድርጊ» ብትልሽ ኖሮ ነበር የምሰጋው። አንድ ቀጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ለመተዋወቅ ብቻ ሁለት ሦስት ቀጠሮ መሄዱ የተለመደ ነው።

እንዲያም ሆኖ አማካሪዋም ያጎደለችው ነገር አለ። ከመለያየታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዳ «ከነገርሽኝ ተነስቼ ችግሩ እንዲህ ይመስለኛል፤ በሚቀጥሉት ቀጠሮዎች ይህን ይህን እንሠራለን፤ አንቺስ ምን ትያለሽ?» ልትልሽ ይገባ ነበር። ምን እየተደረገልሽ እንደሆነ ማወቅ መብትሽ ነው። ስለዚህ ቅሬታሽ ልክ ነው። ችግሩ ቅሬታሽን የነገርሽው ለእኔ መሆኑ ነው። እሷ ዛሬም አታውቅም።

ከምመክርሽ ሁሉ የማስቀድመው ይህን ነው፦ ለእኔ የጻፍሽውን ይዘሽ ተመለሺ። «ባለፈው አልቅሼ ሄድኩ፤ ምን እንደምንሠራ ስላልገባኝ ቀረሁ» በያት። ይህ ስድብ አይደለም፣ ድፍረትም አይደለም። በዚህ ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር ራሱ የሥራው አካል ነው። ብዙ ሰው ሳይናገር ይቀራል። ባለሙያዎች ደግሞ የትኛው ሰው እየተሻለው እንደሆነ፣ የትኛው እየባሰበት እንደሆነ በግምት ብቻ ለማወቅ ሲሞክሩ ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። አንዳንዶቹ በየቀጠሮው አጭር መጠይቅ የሚያስሞሉትም ለዚህ ነው። ለምሳሌ ጭንቀትን የሚለካው ጂኤዲ-7 ሰባት ጥያቄዎች ብቻ አሉት። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 21 ይደርሳል። ቁጥሩ ከሳምንት ሳምንት ሲወርድ ወይም ባለበት ሲቆም ሁለታችሁም በግልጽ ታዩታላችሁ። «እንዲህ ዓይነት መጠይቅ ትጠቀሚያለሽ?» ብለሽ ብትጠይቂያት ጥሩ ነው።

ተመልሰሽ ስትነግሪያት ብትቆጣ፣ ወይም ጥፋቱን ሁሉ ወደ አንቺ ብታዞረው፣ ያኔ ሌላ ሰው ፈልጊ። ያለምንም ጸጸት። ቆም ብላ ከሰማችሽና ዕቅዷን ካስረዳችሽ ግን ለአራት አምስት ቀጠሮ ዕድል ስጫት።

አሁን ወደ ሕመምሽ። በደብዳቤ ብቻ «ይህ አለብሽ» ማለት አይቻልም፤ ያን የሚለው አግኝቶ የሚመረምርሽ ባለሙያ ነው። የጻፍሽው ግን ፓኒክ ዲስኦርደር ከሚባለው፣ ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት እየደጋገመ ከሚመጣበት ሕመም ጋር በጣም ይመሳሰላል። «ምንም የለብሽም» የሚለውንም አልወደድኩትም። ልብሽ ጤነኛ ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ ምንም የለብሽም ማለት ሌላ ነው። የተሰማሽ ሁሉ እውነተኛ ነው። ሰውነትሽ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽም ይፈጥናል። ትንፋሽ ከሚገባው በላይ ሲፈጥን ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣትሽ የሚደነዝዘው፣ ራስሽን የሚያዞርሽ ከዚያ የተነሳ ነው።

ደረጃ በሩጫ ስትወጪም ልብሽ እንዲሁ ይመታል። አትፈሪውም፤ ምክንያቱን ታውቂዋለሽና። ፓኒክ ላይ ምክንያቱ አይታይም። ስለዚህ አእምሮ የራሱን ምክንያት ይፈልጋል፦ «ልቤ ሊቆም ነው»፣ «ላብድ ነው»። ይህ ሐሳብ ፍርሃቱን ያባብሰዋል፤ ፍርሃቱ ልብን ያፈጥነዋል፤ የልብ ምቱ ደግሞ ሐሳቡን እውነት ያስመስለዋል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ዑደት በግልጽ አስቀምጦ ጻፈ። የዛሬው የፓኒክ ሕክምና ብዙው ክፍል ከዚያ የመጣ ነው።

ጥቃቱ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ነክቶ መውረድ ይጀምራል። ሕይወትሽን ያጠበበው ከጥቃቱ ይልቅ እሱን ለመሸሽ የምታደርጊው ነገር ነው። አሳንሰር ቀረ። አውቶቡስ ቀረ። ብቻሽን መውጣት ቀረ። በሸሸሽ ቁጥር ለጊዜው ቀለል ይልሻል፤ አእምሮሽ ግን «የተረፍኩት ስለሸሸሁ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። እህትሽ አብራሽ ስትሆንም «የተረፍኩት እሷ ስላለች ነው» ይላል። ያለ እሷም እንደማትሞቺ የሚማርበት አጋጣሚ አያገኝም።

ሲቢቲ የሚባለው የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ስሙ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ ነው። መሠረቱን ከጣሉት አንዱ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ ነው። ቤክ የሠለጠነው በሳይኮአናሊሲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ግን በድብርት የሚሠቃዩ ታካሚዎቹን ሲያዳምጥ፣ በውስጣቸው ሳይጋበዙ ብልጭ የሚሉ፣ ራሳቸውን የሚኮንኑ ሐሳቦች እንዳሉ አስተዋለ። እነዚያን ሐሳቦች ይዞ ከታካሚው ጋር «ማስረጃው ምንድን ነው?» እያለ መመርመር ጀመረ። ሲቢቲ ወሬ ብቻ አይደለም። የቤት ሥራ አለው። መጻፍ አለው። መሞከር አለው።

ለፓኒክ ሲሆን ምን ይመስላል? በመጀመሪያዎቹ ቀጠሮዎች ዑደቱን በራስሽ ምሳሌ ትሥይዋለሽ። መጨረሻ ጊዜ ሲነሳብሽ መጀመሪያ ምን ተሰማሽ፣ ምን አሰብሽ፣ ምን አደረግሽ? ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚገርመው ክፍል ይመጣል። ባለሙያዋ የምትፈሪውን ስሜት ሆን ብላ እዚያው ክፍል ውስጥ እንድትቀሰቅሺው ታደርጋለች። ለአንድ ደቂቃ በፍጥነት ትተነፍሻለሽ። በሚሽከረከር ወንበር ላይ ትዞሪያለሽ። ባለሽበት ቆመሽ ትሮጫለሽ። ልብሽ ይመታል፣ ራስሽን ያዞርሻል፣ ከዚያ ምንም ሳይሆን ያልፋል። ልብሽ አስቀድሞ መመርመሩ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። ቀጥሎ ወደ ውጭ ትወጣላችሁ። በአሳንሰር አንድ ፎቅ አብራችሁ፣ ከዚያ አንድ ፎቅ ብቻሽን፣ ከዚያ አምስት። ኤክስፖዠር ይሉታል። ከባድ ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም። ግን ማንም አስገድዶ አይጥልሽም። ቅደም ተከተሉን የምትወስኑት አብራችሁ ነው። ለፓኒክ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀጠሮ ይበቃል፤ በጥናት ከተፈተኑት ሕክምናዎች መካከልም ውጤቱ ደጋግሞ ከታየው አንዱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ «ሲነሳብሽ በጥልቀት ተንፍሺ» የሚል ምክር ሞልቷል። ክፋት የለውም። ግን «ካልተነፈስኩ እሞታለሁ» ወደሚል ከተለወጠ እሱም ሌላ መሸሺያ ይሆናል። ይህንንም አንሺላት።

ሌሎቹን ስሞች ባጭሩ ላስረዳሽ። ሳይኮአናሊሲስ ከኦስትሪያዊው ሐኪም ከሲግመንድ ፍሮይድ የጀመረ ነው። የዛሬው አጠር ያለ ዘመዱ ሳይኮዳይናሚክ ቴራፒ ይባላል። ካለፈው ሕይወትሽ፣ በተለይ ከቅርብ ሰዎችሽ ጋር ካለፍሽበት፣ ዛሬ ሳታውቂው የምትደጋግሚውን ነገር ይፈልጋል። በየግንኙነቱ አንድ ዓይነት ጉድጓድ ውስጥ ለሚወድቅ ሰው ጥሩ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ የጀመረው ሕክምና ደግሞ በሰውየው ላይ ያተኮረ ነው፤ ያለ ፍርድ መስማት፣ ስሜቱን መረዳት፣ አማካሪው ራሱ እውነተኛ መሆን። አብዛኛው የምክር አገልግሎት ዛሬም የሚቆመው በዚህ ላይ ነው። እኔ እንደምገምተው አንቺም የገጠመሽ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ለሐዘን፣ ለትዳር ውዝግብ፣ ለውሳኔ ጭንቀት እውነተኛ ዋጋ አለው። ኢኤምዲአር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በፍራንሲን ሻፒሮ የተጀመረ ሲሆን ሰው ዓይኑን ግራና ቀኝ እያንቀሳቀሰ አሰቃቂ ትዝታን የሚያስብበት ነው፤ ዋና ቦታው ከአደጋ ወይም ከጥቃት በኋላ ለሚመጣ የሥነ ልቦና ጉዳት ነው። ዲቢቲ የሚባል ሌላ ሕክምናም ታገኚ ይሆናል፤ አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን የቀረፀችው ራሳቸውን ደጋግመው ለሚጎዱና ስሜታቸው ከቁጥጥር ውጭ ለሚሆንባቸው ሰዎች ነው።

ታዲያ ምርጫው ስም ላይ ነው ወይስ ሰው ላይ? ኤድዋርድ ቦርዲን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 ሲጽፍ፣ የትኛውም ሕክምና እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልጋል አለ፤ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል መተማመን መኖር። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ብዙ ጥናቶች ይህ ግንኙነት ከውጤት ጋር እንደሚያያዝ አሳይተዋል። ለብዙ ችግሮች ከዘዴው ስም ይልቅ ሰውየውን ብትመርጪ ትክክል ነሽ። እንዳንቺ ላለው ግን ዘዴው ራሱ ለውጥ ያመጣል ባይ ነኝ። ፓኒክ፣ አንድን ነገር አብዝቶ መፍራት፣ የማይፈለግ ሐሳብ እየደጋገመ የሚመጣበት ኦሲዲ፤ እነዚህ የፈሩትን ነገር ቀስ በቀስ መጋፈጥ ይፈልጋሉ። ጥሩ ሰሚ ዓመት ሙሉ ቢሰማሽ አሳንሰሩ እንደተፈራ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አማካሪዋን በቀጥታ ጠይቂያት፦ «ፓኒክ ያለባቸው ሰዎች አክመሽ ታውቂያለሽ? ሲቢቲ ሠልጥነሻል? ኤክስፖዠር ትሠሪያለሽ?» ካልሠለጠነች ወደሚችል ሰው ትምራሽ። ጥሩ ባለሙያ «ይህን እኔ አልሠራም» ለማለት አያፍርም።

የማዕረጎቹም ልዩነት ሰውን ያደናግራል። ሳይካትሪስት ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዝዛል። ሳይኮሎጂስት የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፤ በአብዛኛው ቦታ መድኃኒት አያዝም። አማካሪና ሶሻል ወርከር እንደ ሥልጠናቸው ይለያያሉ። ስለ ፈቃዳቸውና ስለ ሥልጠናቸው መጠየቅ ነውር የለውም። በሌላ በኩል ማዕረግ ብቻውን ሁሉ ነገር አይደለም። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በዕድሜ የገፉ እናቶችን አሠልጥኖ፣ በጤና ጣቢያዎች ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ሰዎችን እያነጋገሩ ችግር መፍታትን እንዲያስተምሩ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እነሱ የረዷቸው ሰዎች ከመደበኛው አገልግሎት በላይ እንደተሻላቸው አሳይቷል። እናቶቹ የሠለጠኑና ክትትል ያላቸው ነበሩ። ልዩነቱ እሱ ነው። ያለ ሥልጠና «ላይፍ ኮች ነኝ» ብሎ በየማኅበራዊ ሚዲያው ሕመም አድናለሁ ከሚል ሰው ራቂ።

ስለ መድኃኒት፦ የግድ አይደለም፣ ክልክልም አይደለም። ፓኒክ ላይ ሲቢቲ ብቻውን ይሠራል። ለድብርትና ለጭንቀት የሚታዘዙት ኤስኤስአርአይ የሚባሉት መድኃኒቶችም ይሠራሉ። ሁለቱን አብሮ መውሰድም ይቻላል። ከቤት መውጣት እስኪያቅትሽ ከደረሰ፣ ወይም ድብርት ከተጨመረበት፣ ሳይካትሪስት ማየትን አታዘግዪ። ኤስኤስአርአይ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ ጭንቀቱን ትንሽ ሊጨምረው ስለሚችል በዝቅተኛ መጠን ይጀመራል። በራስሽ ውሳኔ በድንገት አታቋርጪው። በደቂቃዎች ውስጥ የሚያረጋጉት የዲያዜፓም ዓይነቶቹ ግን ሱስ የማስያዝ ባሕርይ አላቸው፤ ከጓደኛ ተቀብለሽ እንዳትወስጂ አደራ።

የምትናገሪው ይወጣ ይሆን ወይ ላልሽው፣ ምስጢር መጠበቅ የዚህ ሙያ ግዴታ ነው። እህትሽ ብትደውል እንኳ ያለ ፈቃድሽ አይነገራትም። የማይጠበቅባቸው ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፦ ሕይወትሽ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ፍርድ ቤት ካዘዘ። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ ገና ስትጀምሪ እንድታስረዳሽ ጠይቂያት። ማስታወሻዋን የት እንደምታስቀምጥና ማን ሊያየው እንደሚችልም መጠየቅ ትችያለሽ።

በደብዳቤሽ ስለ ሞት ሐሳብ አልጻፍሽም። ግን ራስሽን የማጥፋት ሐሳብ አንድ ቀን ቢመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። ለቅርብ ሰው ንገሪ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ባለቤትሽ ይወቅ እላለሁ። የምልሽ ትዳር ውስጥ ምስጢር ኃጢአት ነው ብዬ አይደለም። ኤክስፖዠር ስትጀምሪ ሳምንቱን ሙሉ የቤት ሥራ ይኖርሻል፤ ተደብቆ የሚሠራ ነገር አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን መዘርገፍ የለብሽም። ምንም ሳይነሳብሽ፣ ተረጋግታችሁ ባላችሁበት ሰዓት «ባለፈው ድንገተኛ ክፍል ገብቼ ነበር፤ ልቤ ጤነኛ ነው፤ ፓኒክ ሳይሆን አይቀርም፤ ሕክምና ልጀምር ነው» ብትይው በቂ ነው። ምን እንዲያደርግልሽ እንደምትፈልጊም ጨምሪበት። ሰው ሲደነግጥ መፍትሔ ያዘንባል፤ አንቺ የምትፈልጊው ምናልባት አብሮሽ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከፈቀድሽ አንድ ቀጠሮ ላይ አብሮሽ ሊገባ ይችላል፤ ብዙ ባለሙያዎች ይህን ይወዱታል።

እህትሽን ደግሞ አመስግኛት፤ እዚህ ያደረሰችሽ እሷ ናት። ከባለሙያዋ ጋር ዕቅድ ካወጣችሁ በኋላ ግን እሷም ሥራዋ ይለወጣል። መጀመሪያ አብራሽ ትሄዳለች። ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ ከሚቀጥለው ፌርማታ ትጠብቅሻለች። ከዚያ ስልክ ብቻ ትይዛለች። በመሃል ሲነሳብሽ «ነይ እንውረድ» እንዳትልሽ አስቀድመሽ ንገሪያት፤ «እዚህ ነኝ፣ ያልፋል» ትበልሽ። ይህን ንግግር ከእሷ ጋር ለመጀመር ቀጣዩን ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግሽም፤ ቀጠሮውን ለማስያዝ ስትደውዪ አጠገብሽ ትሁን።